አራሷ ገንፎ ስላልቀመሰችበት የጦር ፊልም

ለተከበሩ የፊልም ዳይሬክተር
ሞስኮ፣ ወይም ክቡርነትዎ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የፊልምዎን የታሪክ ትክክለኛነት በተመለከተ ከነቀምቴ ከተማ የቀረበ አቤቱታ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ፣ በደጅዎ የሚያልፈውም መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት እርስ በርሳችን መመኛኘት የጀመርነው በቅርቡ ስለሆነ እንግዳ ቢሆንብዎ አይቀየሙኝ።

እኔ አመልካች ወልደሩፋኤል እባላለሁ። ሥራዬ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ መጻፍ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ እዚሁ ሸምግያለሁ። የፍርድ ቤቱን ማመልከቻ የምጽፈው በኦሮምኛ ነው። ለእርስዎ በአማርኛ መጻፌ ግን ፊልምዎ ወደ ከተማችን የመጣው የአማርኛ ትርጉም ተጭኖበት ስለሆነ፣ በመጣበት ቋንቋ መልስ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም እርስዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አስቤ ሳይሆን የታሸገ ፖስታ የሚወስድልኝ መኪና ስለጠፋ ነው፤ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ አዶኒያስ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቆይዎታል።

ፊልምዎ እንዴት እጃችን እንደገባ ላስረዳ። ጎረቤቴ አዶኒያስ ሰፋ ያለ ሻይ ቤትና ትልቅ ቴሌቪዥን አለው። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ፊልምዎን በፍላሽ ጭኖ ሰጠው፤ ሾፌሩ በገባ ማግስት መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ፣ ሌላ ፊልም ይዞ የሚመጣ ሰውም አልተገኘም። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር የሚታየው የእርስዎ ሥራ ብቻ ነው። በከተማችን እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሌላ ዳይሬክተር አላውቅም፤ ተመልካችዎ ተነሥቶ መሄድ ቢያምረው እንኳ የሚሄድበት የለውም።

ፊልሙን ላላዩ የግድግዳ አንባቢዎች ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክረምት አንዲት ትንሽ የሩሲያ ከተማ በጠላት ጦር ትከበባለች፤ በውስጧም አንድ ታንክ፣ አንድ መልከ መልካም ሻምበል፣ ሬዲዮ የምትሠራ አንዲት ነፍሰ ጡርና ብዙ በረዶ አለ። እኛ «ታንኩ» እያልን ነው የምንጠራው። ገና ሲጀምር ተርጓሚው በዚያ ወፍራም ድምፁ ፊልሙ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ እያንዳንዱም ነገር በታሪክ ምሁራን መመርመሩን ያውጃል። አቤቱታዬ የሚነሣው ከዚህ አዋጅ ነው።

በሙያዬ እንደማውቀው አመልካች የሆነ ሰው ጉዳዩ ምን እንደሚያገባው አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። እኔን የሚያገባኝ፣ ሰው ከተማው ውስጥ ተዘግቶበት ሲኖር ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው። ማን ዘጋው፣ ለምን ተዘጋ የሚለውን ግን እዚህ አላነሣም፤ ግድግዳውም አይበቃኝም፣ እኔም ገና መኖር እፈልጋለሁ። ከዚህም በላይ የሚያገባኝ በአንዲቱ ልጄ በኬኔ ምክንያት ነው። ኬኔ ኡኬ ከተማ ለሚያስተምረው ለኢቢሳ ተድራ እዚያው ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን እርጉዝ ናት፣ ወሯም ገብቷል። ኡኬ ማለት በደኅናው ጊዜ ቁርሱን ነቀምቴ በልቶ የተነሣ ሰው ምሳው ሳይደርስ የሚገባባት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ አጠገቧ ትሆናለች፤ ገንፎዋን አገንፍታ፣ ቅቤዋን አቅልጣ፣ በእጇ ታጎርሳታለች። ባለቤቴ ቀለሟ የገብስ ዱቄቱንና ለጋውን ቅቤ ቋጥራ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ትሄዳለች፤ መኪና የለም ተብላ ቋጠሮዋን ይዛ ትመለሳለች። ኔትወርክ ሳይጠፋ ኬኔ ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል እግሯ ማበጡን ነግራ፣ እናቷን «ሃርሜ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» አለቻት። ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው። ቀለሟ ነገ አለቻት። እንግዲህ ያ ነገ እስካሁን አልመጣም፤ እኔም ፊልምዎን የምመለከተው በዚህ ልብ መሆኑን አውቀው ቅሬታዬን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ. በታንኩ ላይ ምንም ቅሬታ የለንም። ኦቦ ጨመዳ የሚባሉ፣ በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው የሶቪየት ታንክ ውስጥ የኖሩ ጎረቤታችን ሞተሩ ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ድምፁ እሱ ራሱ እንደሆነ መሰከሩልዎ። የወታደሮቹ ካፖርት አዝራር ሳይቀር ከሙዚየም ጋር እየተመሳከረ እንደተሠራ ከተርጓሚው ሰምተናል። ስለ አዝራሩ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን። በዚህ ተዘግተን በተቀመጥንበት ሰዓት አንድ እንኳ አዝራር ያለ ቦታዋ እንዳልተሰፋች ማወቃችን ትልቅ እፎይታ ሰጥቶናል።

፪ኛ. በከተማዋ ነዋሪዎች ጠባይ ላይ ግን አንስማማም። በፊልምዎ ውስጥ ያን ያህል ሰው ተከብቦ ሳለ መንገዱ ተከፈተ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አላየሁም። ክቡርነትዎ፣ እኛ ዘንድ ሰላምታ ራሱ ይህ ሆኗል። ሰው ጎረቤቱን «አከም?» ብሎ ስለ ጤናው ከጠየቀ በኋላ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ መጠየቁን ትቶ ስለ መንገዱ ነው የሚጠይቀው። ተጠያቂውም እንደ ጠያቂው ቤቱ ውሎ የወጣ፣ ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ያም ሆኖ መልስ ይሰጣል፤ ከነገ ወዲያ ነው አሉ ይላል። ማን እንዳለ አይታወቅም። ጠያቂው ግን ያንን ይዞ ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ሲመሽም እኔ ራሴ ያወራሁት ወሬ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ ይመጣልኝና አምነዋለሁ። ይህን የመሰለ ነገር በፊልምዎ የለም። የእርስዎ ሰዎች የጨው ነገር አያሳስባቸውም፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የሚሻሙ ጎረቤታሞችም አይጣሉም። መቼም ያኔ ስልክ አልነበረም ይሉኝ ይሆናል፤ የሚሻሙበት አንድ ነገር ግን እንደማይጠፋ አምናለሁ። ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው በዝምታ ወደ ሩቅ ያያሉ፣ ከኋላቸውም ሙዚቃ አለ። እኛ እዚህ ወደ ሩቅ ስናይ ሙዚቃ የሚባል ነገር የለም፤ የአዶኒያስ ጄኔሬተር ናት የምትጮኸው፣ እሷም ነዳጅ ካለቀባት ሰንብታለች።

ስለ ሻምበሉ ንግግር ብዙ ባልል እመርጣለሁ። እንጀራ ያልቀመሱ ሰዎችን (ዳቦ ይበሉት፣ የእርስዎ አገር ነውና) በበረዶ ላይ አሰልፎ ስለ እናት አገር ያን ያህል ጊዜ ሲናገርላቸው አንዱ እንኳ አላዛጋም። እዚህ ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ ልጄ አመሰግንሃለሁ፣ አሁን ተቀመጥና ስለ ጨው የሰማኸው ካለ ንገረን ይለው ነበር።

፫ኛ. ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው፤ የሬዲዮዋን ሴት መውለድ ይመለከታል። ያን ክፍል መጀመሪያ ያየነው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ ከጸሎት ሲመለሱ መብራት መጥቶ ስላገኙት ሻይ ቤቱ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ ነው። ሴትየዋ በምድር ቤቱ ውስጥ ምጥ ይዟት ስትጮህ የእኛ ሴቶች ዝም ብለው ማየት አልቻሉም። እማማ ወለቴ የምንላቸው አሮጊት አዶኒያስ ፊልሙን እንዲያቆመው አዘዙና ቆመው ጸለዩላት፤ ሁላችንም ባርኔጣችንን አውልቀን አሜን አልን። ለማያውቁት ይህ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ቤት ከተቀመጡት መካከል የማን ልጅ፣ የማን እኅት በየትኛው ከተማ በዚያው ሰዓት ምን ላይ እንዳለች የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጸሎቱ ለማን እንደተደረገ እኔ አውቀዋለሁ፤ ቀለሟም ታውቀዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና የያዘችው እጄን ነበር።

ከዚያ ፊልሙ ተከፈተ፣ ሴትየዋም ወዲያው ወለደች። እማማ ወለቴ ጸሎታቸው በዚህ ፍጥነት ሲሰማ አይተው አያውቁምና ደነገጡ። እልልታው ቀለጠ። ይሁንና ልጁ ሲታይ እልልታው ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ ሕፃኑ ታጥቦ፣ ጠጉሩ ተበጥሮ፣ አንገቱን አቅንቶ ሻምበሉን እየተመለከተ ይስቃልና ነው። ሴቶቹ ቢያንስ የሦስት ወር ልጅ መሆኑን በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ለአዝራር ሙዚየም የላኩ ታሪክ ምሁራንዎ አንዲት የወለደች ሴት ቢያማክሩ ኖሮ ምን ነበረበት?

ይህንንም ይቅር ብለንዎ ነበር። በማግስቱ ግን ያቺው አራስ ወገቧን አስራ ተነሥታ ሬዲዮዋ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ቀለሟ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለአዶኒያስም አይደለም፣ ለቴሌቪዥኑ ይህን ያለችው፦

«ይቺ ልጅ ምን በላች? ገንፎዋን ማን ሰጣት?»

የሻምበሉ ወታደሮች ጥይት ይቆጥራሉ፣ ታንኩ ይታጠባል፣ የአራሷን አፍ ግን የሚያስታውስ አልተገኘም። በአገራችን በአምስተኛው ቀን «ሸነን» የሚባል ሥርዓት አለ፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ እየበሉ፣ አራሷን እያጎረሱ፣ ቅቤ እየቀቡ፣ እየዘፈኑ የሚውሉበት ነው። ሩሲያ ውስጥ በዚህ መልክ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በየትኛውም ዘመን፣ በየትኛውም አገር፣ የቱንም ያህል በረዶ ይውረድ፣ አንዲት ጎረቤት አንድ ሲኒ ትኩስ ነገር ይዛ ወደዚያ ምድር ቤት ሳትወርድ አትቀርም ነበር። ያቺን ጎረቤት ከታሪኩ አውጥተዋታል። ሴቶቹም ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልምዎን ለማየት አልመጡም፤ ቀለሟ ቤቷ ገብታ የገብስ ዱቄቱን እንደገና ነፋችው። ቀድሞ የተነፋ ነበር።

፬ኛ. ስለ ጊዜ ነው። ፊልምዎ መሐል ላይ ጥቁር ይሆንና ተርጓሚው «ከሦስት ሳምንት በኋላ» ይላል። ወዲያው ሁሉም ጢም አብቅለው ይታያሉ። ክቡርነትዎን በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ ያቺን ጥቁር ቦታ ከየት እንዳገኟትና ለእኛም ትገኝልን እንደሆነ ነው። ያን ያህል ታንክ፣ ያን ያህል ፈረስ፣ ያን ያህል በረዶ አሳይተውን ሲያበቁ፣ ሰው ተዘግቶ መኖር ምን እንደሆነ የሚያሳየውን ክፍል በአንድ ቃል ዘለሉት። እኔና ቀለሟ፣ አዶኒያስም፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡት መንገደኞችም የምንኖረው እርስዎ ቆርጠው በጣሉት ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ምንም አይደረግም። ጠዋት ይነጋል፣ ሰው ይወጣል፣ ይጠይቃል፣ ይመለሳል። ሆዱ የባሰውም ሆዱ እንደባሰው ያድራል። ፊልም ሊሠራበት እንደማይመች ይገባኛል፤ እውነተኛ ታሪክ ነው ብለው ባይምሉልን ኖሮ እኔም አልናገርም ነበር።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደጻፍሁበት ምክንያት ልግባ። ዛሬ ጠዋት መብራት መጥቶ ፊልምዎ ሻምበሉ ንግግር ላይ ሲደርስ አንድ ሞተረኛ ከኡኬ በኩል ገባ። እንዴት እንዳሳለፉት አልጠየቅነውም። ኢቢሳ መልእክት ልኮበት ነበር፤ ኬኔን ምጥ ከትናንት ጀምሮ ይዟታል፣ ብርቱ ነው፣ እናቷን ትጠራለች የሚል ነው። አዶኒያስ የሻምበሉን ድምፅ ቀነሰው። ሞተረኛውን ባለቤቴን አፈናጥጦ እንዲመለስ ለመንሁት፤ ሁለተኛ በዚያ መንገድ አላልፍም ብሎ እጄን ስሞ እንቢ አለኝ፣ ፊቱን አይቼ አልፈረድሁበትም።

እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ወረቀት አወጣሁ። ለሚመለከተው ሁሉ የሚሆን፣ ባለቤቴ ለልጇ ምጥ ስለምትሄድ እንዲያሳልፏት የሚጠይቅ ማመልከቻ በሁለት ቋንቋ ልጽፍላት ጀመርሁ። ለማን እንደምጽፍ ግን ግራ ገባኝ። «ለ» ብዬ ጽፌ እዚያው ቆምሁ። ቀለሟ መልእክቱን ሰምታ፣ ቋጠሮዋን ተሸክማ በራፉ ላይ ቆማ ጥቂት ጠበቀችኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፣ በልጃችን ስም፣ የኬኔ አባት እያለች ነው የምትጠራኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ያ አባ ኬኔ፣ አንተ ጻፍ። እኔ ልሂድ።»

አብሬሽ እሄዳለሁ አልኋት። ወንድ አብሯት ካለ ጥያቄው እንደሚበዛ፣ ሁለታችንንም እንደሚመልሱን፣ ቅቤ የተሸከመች አሮጊት ብቻዋን ስትሆን ግን ምናልባት እንደሚያሳልፏት ነገረችኝ። እውነቷን ነው። እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲያ እንዳልከተላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ዞራ ሳታይ ሄደች፤ ዳገቱን እስክትታጠፍ ቆሜ አየኋት። መንገዱ ላይ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ስመለስ አዶኒያስ ቤት ፊልምዎ አላለቀም ነበር፣ እኔም ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ ገብቼ ተቀመጥሁና ለእናትና ልጅ ልጽፍበት በነበረው ወረቀት ለእርስዎ መጻፍ ጀመርሁ። ቢያንስ የእርስዎን ማዕረግ አውቀዋለሁ።

የምጠይቀው ዳኝነት፦

ሀ) ከሻምበሉ ንግግር ላይ ተቀንሶ፣ አራሷ አንድ ሲኒ ትኩስ ነገር የምትጠጣበት ጊዜ እንዲፈቀድላት፤

ለ) የታሪክ ምሁራንዎ ወደፊት አዝራር ከመቁጠራቸው በፊት ተዘግቶበት የሚያውቅ አንድ ሰው እንዲያነጋግሩ፣ የሚቸገሩም ከሆነ እኛ ሁላችንም ቤታችን ስላለን ማንኳኳት ብቻ እንዲበቃቸው፤

ሐ) መንገዱ ሲከፈት ለአዶኒያስ ሻይ ቤት ሌላ ፊልም እንዲላክልን፣ የፍቅርም ቢሆን እንደማንቃወም፣ ተከብቦ ነፃ የሚወጣ ከተማ ያለበት ግን ለጊዜው እንዲቀርብን።

ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ እውነት መሆኑን ፍርድ ቤት ፊት በሚማልበት ቃል አረጋግጣለሁ፤ ክቡርነትዎም በፊልምዎ መጀመሪያ ላይ በማሉበት ቃል ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ረጅሙን ክረምትዎን በደኅና ያሳልፉ ዘንድ በመመኘት፣ የማያልቀውን ሥራዎን ሳይወዱ በግድ በተደጋጋሚ ለመመልከት የታደለው፣ ለታንክዎም ለአዝራርዎም እጅ የሚነሣው፣

አመልካች ወልደሩፋኤል
ነቀምቴ፣ አዶኒያስ ሻይ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በረቂቁ ላይ አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ። ፊልምዎ ሊያልቅ ሲል አንዲት አሮጊት ሻሿን አስራ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ከተከበበችው ከተማ በእግሯ ትወጣለች፤ የሚያስቆማት ወታደር የለም፣ ጥይትም አይነካትም፣ ልጇ ቤት በሰላም ትደርሳለች። እዚህ ቤት በታየ ቁጥር ስቀንባታል፤ እኔም እንዲህ ያለ ነገር በምድር ላይ ሊሆን እንደማይችል ገጽ ሙሉ ጽፌበት ነበር። ያንን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ሰርዤዋለሁ። ክቡርነትዎ፣ በታንኩም በአዝራሩም ቢሳሳቱ ግድ የለኝም፤ በዚህች በአንዲቱ ሴት ብቻ እባክዎ ትክክል ይሁኑልኝ።